ኒዝዋ፦ ምሽግ፣ ገበያና ተራራ በአንድ ጀንበር

ዓርብ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሳይሞላ የኒዝዋ የከብት ገበያ ጢም ብሏል። ገበያው ክብ ነው። መሐል ላይ ጣሪያ ያለው መደብ አለ፤ በመደቡ ጠርዝ ገዢዎች ተኮልኩለው ተቀምጠዋል፣ ከፊት ለፊታቸው ደግሞ ሌላ የገዢ ረድፍ ቆሟል። በሁለቱ መካከል በተተወችው ጠባብ መንገድ ሻጮች ፍየሎቻቸውን በገመድ እየሳቡ ይዞራሉ። ግልገል ያመጣው ታቅፎ ይዞራል። ሁሉም የሚጠሩት ዋጋ ብቻ ነው። የፈለገ ገዢ እጁን ሰድዶ ያስቆማል፣ ሽንጧን በመዳፉ ይጫናል፣ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል፣ የምትታለብ ከሆነች ጡቷን ይዳስሳል። ካልተስማማው ይለቃታል፤ ሻጩም ቅር ሳይለው ዙሩን ይቀጥላል፤ የሚቀጥለው ገዢ ሁለት እርምጃ አልፎ ተቀምጧልና።

አጠገቤ የቆመችው የሀገሬ ልጅ ከወሎ ገጠር ወደ ሙስካት ከመጣች ዓመታት አልፈዋል። በሰው ቤት ትሠራለች፤ ዓርብ የዕረፍት ቀኗ ነው። አንድ ጥቁር ፍየል በፊታችን ሲያልፍ ዓይኗ ተከተለው። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሙክት አይደለም፣ ወጠጤ ነው፤ ጠረኑ አይሸትዎትም?" አለችኝ። ዋጋውን ከሪያል ወደ ብር አስልታም ራሷን ነቀነቀች። ሙስካት ስትኖር ከአሠሪዎቿ ቤትና ከሱፐርማርኬት በቀር ይህ ነው የምትለው ቦታ አይታ አታውቅም። ይህን ሀገር ሀገር ብላ ያየችው ዛሬ እንደሆነ ነገረችኝ።

ከሙስካት በማለዳ ተነስቶ የኒዝዋን ገበያና ምሽግ፣ ከዚያም ጀበል አኽዳር የተባለውን ተራራ አይቶ በምሽት መመለስ ኦማን ውስጥ በጣም የተለመደ የአንድ ቀን ጉብኝት ነው። ብዙው መንገደኛ ሦስቱን ቦታዎች ለየብቻ ያያቸዋል፤ እዚህ ፍየል፣ እዚያ መድፍ፣ ወዲያ ገደል። እኔ ግን ስመለስ ይዤው የመጣሁት ሐሳብ አንድ ነው። ተራራው ውኃውን ይሰጣል፣ ውኃው ቴምሩን ያበቅላል፣ ቴምሩ ገበያውን ያቆማል፣ ምሽጉ ደግሞ የተሠራው ይህን ሁሉ ለመጠበቅ ነው። ይህን ሰንሰለት የሚያሳይ አስጎብኚ ያገኘ ሰው በአንድ ቀን ብዙ ሀገር ያያል። ያላገኘ ሰው ፎቶግራፍ ይዞ ይመለሳል።

ጉዞው የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ከሙስካት እስከ ኒዝዋ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን መንገዱ ሰፊና የተስተካከለ ስለሆነ ከሁለት ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስደው። ይህ ቀላል ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ሱልጣን ቃቡስ በ1970 ሥልጣን ሲይዙ ግን በመላው ኦማን የነበረው የአስፋልት መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ በሰዓታት የሚታለፈው ርቀት ለዛሬዎቹ ኦማናውያን አያቶች በግመል የቀናት መንገድ ነበር።

የሐጀር ተራሮች በሰሜን ኦማን ከባሕሩ ጋር ጎን ለጎን ተዘርግተው ባሕሩን ከመሐል ሀገሩ ይለያሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው ዋናው በር የሱማኢል ሸለቆ ነው፤ ተራራውንም ምሥራቅና ምዕራብ ብሎ ይከፍለዋል። ነጋዴውም፣ ወታደሩም፣ ኢማሙም ያለፈው በዚሁ ነው። ጎሕ ሲቀድ ተራሮቹ ከጥቁር ወደ ቡናማ ይለወጣሉ፤ አንዲት ቁጥቋጦ እንኳ የማይታይባቸው፣ አጥንታቸው የቀረ ተራሮች ናቸው። በየኮረብታው ጫፍ ግን ማማ አለ። አስጎብኚያችን ከመሪው ላይ እጁን አንስቶ ወደ አንዱ ማማ አመለከተና "ማማ ባያችሁ ቁጥር ሥሩን ተመልከቱ። ቴምር አለ። ቴምር ካለ ውኃ አለ" አለን። ከዚያ ወዲያ ዓይናችንን ከመስኮቱ አልነቀልንም፤ ማማው ባለበት ሁሉ ከሥሩ አረንጓዴ ነገር ነበር።

ይህ አስጎብኚ ነጭ ዲሽዳሻ የለበሰ፣ በጥልፍ ያጌጠ ኩማ የተባለ ቆብ የደፋ ወጣት ነው። አያቱ የተወለዱት ዛንዚባር ነው። የኦማን ሱልጣኖች በ19ኛው መቶ ዘመን መንበራቸውን እስከ ዛንዚባር ድረስ ወስደው ነበር፤ በ1964 በደሴቲቱ አብዮት ሲነሳ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ኦማን ሸሹ። ስለዚህ በእርሱ ቤት እስከ ዛሬ ስዋሂሊ ይነገራል። ከምሥራቅ አፍሪካ መምጣታችንን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ደንበኛ ሳይሆን እንደ እንግዳ ነው የያዘን። ሥራውን የወደድኩለት ግን በአንድ ነገር ነው። ቁመትና ዓመተ ምሕረት እየደረደረ አላደከመንም። አንድን ነገር ሲያሳይ መጀመሪያ የሚናገረው ማን እንደሠራው ሳይሆን ለምን እንደተሠራና እንዴት እንደሚሠራ ነው።

የፍየሉ ገበያ ሞቅታ ሲቀዘቅዝ ሱቅ ወደሚሉት ወደ ዋናው ገበያ አለፍን። የኒዝዋ ሱቅ ከምሽጉ ግርጌ ነው። አትክልቱ፣ ዓሣው፣ ሥጋው፣ ቴምሩ፣ የሸክላ ዕቃው ሁሉ የየራሱ ክፍል አለው። ሸክላው በብዛት የሚመጣው በአቅራቢያ ካለችው ከባህላ ከተማ ነው። በሸክላ ማጨሻ ላይ ዕጣን ይጤሳል፤ ከደቡብ ኦማን፣ ከዶፋር የመጣ ነው። የእኛ የትግራይና የመተማ ዕጣን ከሌላ የዛፍ ዝርያ የሚገኝ ቢሆንም ዛፎቹ ዘመዳሞች ናቸው። የወሎዋ ልጅ ጭሱን ስታሸት ዓይኗን ጨፈነች።

ከሁሉ በላይ ያቆየን የብር ሠሪዎቹ ረድፍ ነው። የኦማን ወንዶች በክብር ቀን ወገባቸው ላይ የሚታጠቁት ኸንጀር የተባለው ጠማማ ጩቤ እዚህ ይሠራል፤ በሰንደቅ ዓላማቸው ላይም አለ። አፎቱ ላይ ያለው የብር ክር ከፀጉር ባልተናነሰ ቅጥነት ተስቦ፣ ተጠማዝዞ፣ ተበይዶ የተሠራ ነው። አንድ አዛውንት ከመሳቢያቸው አንድ እፍኝ የብር ሳንቲም አወጡና መስታወቱ ላይ ዘረገፉት። የሀገሬ ልጅ አንዱን አነሳችና ገልበጥ አድርጋ አየችው። "ይሄ ማርትሬዛ አይደለም እንዴ? አያቴ አንገት ላይ ነበረ እኮ!" አለች።

ማርትሬዛ ነው። ሰፊ ደረት ያላት የኦስትሪያዋ ንግሥት በአንድ ገጹ፣ ባለ ሁለት ራሱ ንስር በሌላው፤ ዓመቱ 1780። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ቢሆንም ሳንቲሙ ያው ዓመት እየተጻፈበት ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን ሲታተም ኖሯል፤ ምክንያቱም ከቀይ ባሕር እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ያለው ነጋዴ መልኩ የተለወጠ ማርትሬዛ አይቀበልም ነበር። ሀገራችን ቡናዋን፣ ቆዳዋንና ሰሟን የሸጠችበት፣ ዐፄ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ካሳተሙ በኋላ እንኳ ከገበያ ሊያስወጡት ያልቻሉት ገንዘብ ይህ ነው። በኦማንም በባሕሩ ዳርቻ የሕንድ ሩፒ ሲሠራ፣ በመሐል ሀገሩ የሚታመነው ማርትሬዛ ነበር። አንዱ ወደ 28 ግራም ይመዝናል። የወሎ ባለሙያ አቅልጦ የአንገት መስቀልና ድሪ ሲሠራበት የኒዝዋ ባለሙያ ደግሞ የጩቤ አፎትና አምባር ሠራበት። የኒዝዋው አዛውንት ያ ሳንቲም ከእኛ ሀገርም እንደሚገኝ ሲነገራቸው አልተደነቁም። "ከባሕሩ ወዲያና ወዲህ አንድ ገበያ ነበር" አሉን በአስጎብኚያችን አፍ።

ከሱቁ ጥግ ላይ ሐልዋ ይሠራል። ሰፊ የመዳብ ድስት እሳት ላይ ተጥዷል፤ ስኳር፣ ስታርች፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ሔልና ዛፍራን ገብቶበታል። ሠራተኛው በረጅም ማማሰያ ሳያቋርጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ያማስለዋል፤ ካቆመ ያርራል። መጨረሻ ላይ የጽጌረዳ ውኃ ይጨመርበታል። በትንሽ ሲኒ ከሚቀርበው ሔል የበዛበት ቀለል ያለ ቡና ጋር አንድ ማንኪያ ይሰጣል። ጽጌረዳው ከየት እንደመጣ ስጠይቅ አስጎብኚው ከገበያው ጀርባ ወደቆመው ተራራ አገጩን ቀሰረ። "ከሰዓት በኋላ እናየዋለን።"

የኒዝዋ ምሽግ ከሩቅ ሲታይ ዓይን የሚይዘው ማማው ነው፤ ወርዱ ከ30 ሜትር በላይ የሆነ ግዙፍ ክብ ድንጋይ። ያሠሩት ሀገሩን ይገዙ የነበሩት ኢማም ሱልጣን ቢን ሰይፍ አል-ያእሩቢ ሲሆኑ በ1650ዎቹ ተጀምሮ 12 ዓመት እንደፈጀ ይነገራል። ዓመቱን ልብ ማለት ይገባል። ፖርቹጋሎች ሙስካትን የያዙት በ1507 ነው፤ ከአንድ መቶ አርባ ዓመት በላይም ወደቧን ቀረጥ ሲሰበስቡባት ኖሩ። ከያእሩቢ ሥርወ መንግሥት የመጀመሪያው ኢማም ናስር ቢን ሙርሺድ በ1624 ከተመረጡ በኋላ ተበታትነው የነበሩትን ነገዶች አንድ አደረጉ። ተከታያቸው ሱልጣን ቢን ሰይፍ በ1650 ፖርቹጋሎችን ከሙስካት አባረሩ። ልጃቸው ደግሞ እስከ ሞምባሳ ተሻግረው በ1698 የኢየሱስ ምሽግ የተባለውን ወሰዱ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ዘመን እንግዳ አይደለም። ሱልጣን ቢን ሰይፍ ማማቸውን ሲያስገነቡ ዐፄ ፋሲል ጎንደር ላይ ነበሩ፤ ከተማዋን የቆረቆሩት በ1636 ነው፣ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንን ከሀገር ያስወጡትም በዚያው በ1630ዎቹ ነው። በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ የመጣው ያው የፖርቹጋል ኃይል በጎንደርም በኒዝዋም ታሪክ ውስጥ አለበት። የሁለቱም ግንብ የቆመው በውጭ ኃይል ላይ "በቃ" በተባለበት ዘመን መሆኑን ሳስብ በዚያ ማማ ሥር የቆምኩት እንደ ባዕድ አልነበረም።

ማማው ክብ የሆነው ለጌጥ አይደለም። ዘመኑ የመድፍ ነው፤ ጥይት ማዕዘን ሲመታ ይንዳል፣ ክብ ግድግዳ ሲመታ ግን ይንሸራተታል። የማማው የታችኛው ክፍል በሙሉ በድንጋይና በአፈር ተሞልቷል፤ ስለዚህ ከታች ቢደበድቡት ሊፈርስ የሚችል ባዶ ክፍል የለውም። አናቱ ላይ ዙሪያውን 24 የመድፍ ቀዳዳዎች አሉ፤ ጠላት በየትኛውም አቅጣጫ ቢመጣ ይደርሱበታል።

ወደ አናቱ የሚወስደው ደረጃ ጠባብ፣ ጨለማና ጠማማ ነው። በየመታጠፊያው ወፍራም የእንጨት በር አለ። ከበሩ ፊት ለፊት ወለሉ በሳንቃ የተሸፈነ ጉድጓድ ነው፤ ሳንቃው ከተነሳ በጨለማ የሚሮጥ ወታደር ይወድቅበታል። ከበሩ በላይ ደግሞ ጣሪያው ላይ ጠባብ ስንጥቅ አለ። በዚያ ስንጥቅ የሚፈሰው የፈላ የቴምር ሽሮፕ ነበር። አስጎብኚው ይህን ሲናገር አብዛኛው ጎብኚ ይስቃል፤ እርሱ ግን ወደ ታች መልሶ ወደ ቴምሩ ጎተራ ወሰደን። የጎተራው ወለል በትይዩ ቦዮች የተቦረቦረ ነው። ቴምሩ በከረጢት ሆኖ እስከ ጣሪያው ይደረደራል፤ የላይኛው ክብደት የታችኛውን ይጨምቀዋል፣ ሽሮፑ በቦዩ ወርዶ ጥግ ላይ በተቀበረ ማሰሮ ይጠራቀማል። ጣቴን በአንዱ ቦይ ላይ አስኬድኩት፤ ለዘመናት ከፈሰሰበት ጣፋጭ ነገር የተነሳ ድንጋዩ ልስልስ ብሏል። በሰላም ጊዜ ምግብ ነው፣ ለገበያም ይወጣል፤ በከበባ ጊዜ ደግሞ ከፈላ ውኃ በበለጠ የሚግል፣ ቆዳ ላይ ተጣብቆ የማይለቅ መሣሪያ ነው። የዚህች ከተማ ሀብትና የጦር ትጥቅ የሚቀመጡት በአንድ ጎተራ ነበር።

በምሽጉ ውስጥ የኢማሙ ክፍል፣ የዳኝነት ስፍራ፣ የቁርዓን ትምህርት ቤት፣ እስር ቤትና የውኃ ጉድጓዶች አሉ። ስለ እነርሱ ብዙ አልናገርም፤ በሥርዓት የታደሱና በሚገባ የተብራሩ ናቸውና የሄደ ሰው ራሱ ያነባቸዋል። አናቱ ላይ ወጥቶ ግን ቢያንስ አንድ ሩብ ሰዓት መቀመጥ ያስፈልጋል። ከታች የቴምሩ ደን እንደ ሐይቅ ተንጣሏል፤ ከደኑ ጫፍ ባሻገር ምድሩ በአንዴ ባዶ ድንጋይ ይሆናል። አረንጓዴው የሚያልቅበት መስመር በቢላ የተቆረጠ ያህል ስለታም ነው። ያ መስመር ውኃው የሚደርስበት ድንበር ነው።

ውኃው የሚመጣው በፈለጅ ነው። ፈለጅ ማለት ከተራራ ሥር ጀምሮ የከርሰ ምድር ውኃን ያለ ምንም ሞተር፣ በቁልቁለት ብቻ እስከ መንደር የሚያመጣ ቦይ ነው። መጀመሪያ እናት ጉድጓድ ይቆፈራል። ውኃው ከተገኘ ከመንደሩ ወደ እናት ጉድጓዱ ከምድር በታች ዋሻ ይቆፈራል፤ ቁልቁለቱ እጅግ ዝግ ያለ መሆን አለበት። ቁልቁለቱ ከበዛ ውኃው ግድግዳውን ይበላል፣ ካነሰ ደለል ይሞላል። በየርቀቱ ወደ ላይ የሚወጡ ጉድጓዶች አሉ፤ አየር ይገባባቸዋል፣ አፈር ይወጣባቸዋል፣ ሊጠርግ የሚወርድ ሰውም የሚገባው በእነርሱ ነው። ይህን ሁሉ በእጅ ቆፍረው በኪሎ ሜትሮች ያስኬዱ ሰዎች የመለኪያ መሣሪያቸው ዓይናቸውና ክር ነበር። በኦማን ዛሬም ወደ 3,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ቦዮች ይሠራሉ። ዩኔስኮ በ2006 አምስቱን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል፤ የኒዝዋው ፈለጅ ዳሪስ አንዱ ነው፣ በኦማን ካሉትም ትልቁ ነው።

እኛ ቆመን ያየነው ግን ፈለጅ አል-ኸትሚንን ነው፤ ከተራራው ግርጌ ባለችው በቢርካት አል-ሙዝ። ከአሮጌው ግንብ አጠገብ ውኃው ሦስት እኩል ቦይ ሆኖ ይከፈላል። ጫማችንን አውልቀን እግራችንን ነከርን። ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ ጣት የሚያህሉ ዓሦች ቁርጭምጭሚት ይነካካሉ። ሥርዓቱን ያስረዳን አስጎብኚው ነው። ውኃው ከምድር ሲወጣ መጀመሪያ ለመጠጥ ይቀዳል፤ ቀጥሎ የመስጊድ መታጠቢያና የገላ መታጠቢያ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ እርሻ የሚሄደው። የእርሻው ውኃ በጊዜ ይከፋፈላል። የድርሻው መለኪያ አሰር ይባላል፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ቀን ቀን ምድር ላይ በተተከለ እንጨት ጥላ፣ ሌሊት በከዋክብት ይቆጠር ነበር። ፈለጁን የሚያስተዳድረው ወኪል ነው፤ የተወሰነው ድርሻ በጨረታ ይሸጥና ገንዘቡ ለጥገና ይውላል። ድርቅ ሲመጣ የወቅቱ ሰብል መሬት ይጠብና ውኃው ለቴምሩ ይተርፋል፤ ሰብል በሚቀጥለው ዓመት ይዘራል፣ የሞተ ቴምር ግን ለመተካት ዓመታት ይፈልጋል።

የሀገሬ ልጅ እግሯን ውኃው ውስጥ እንዳደረገች በጥሞና ሰማችው። እነርሱም ጋ የመስኖ ውኃ በተራ እንደሚጠጣ፣ የውኃ አባት እንዳለ፣ ተራውን የዘለለ እንደሚቀጣ ነገረችው። እኔ አስተረጎምኩ። ሁለቱ ስለ ውኃ ስርቆትና ስለ ሽማግሌ ፍርድ ረጅም ሰዓት ተነጋገሩ፤ የቀኑ ምርጥ ጊዜ ይህ ነበር። ዛሬ የፈለጆቹ ትልቁ ሥጋት የከርሰ ምድር ውኃ መውረድ ነው። በሞተር የሚስብ የጉድጓድ ባለቤት ማንንም ተራ አይጠይቅም።

ወደ ጀበል አኽዳር መውጫው እዚያው ቢርካት አል-ሙዝ ጋ ነው። የፖሊስ ኬላ አለ፤ በአራት ጎማ የሚነዳ መኪና የሌለው አያልፍም። ሕጉ ተገቢ ነው። መንገዱ አስፋልት ቢሆንም አቀበቱ ያለ ፋታ ይወጣል፤ ሲወርዱ ደግሞ ፍሬን ብቻ የተማመነ ሾፌር ፍሬኑ ይግልበታል። ለዚህም ሲባል በየቦታው ፍሬን ያጣ መኪና ገብቶ የሚቆምበት በጠጠር የተሞላ ዳገት ተሠርቷል። ላይ ሲደርሱ የሰይቅ አምባ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ታች ኒዝዋ ላይ ሸሚዝ ያስወለቀን የሚያዝያ ሙቀት ላይ ሲደርስ የእንጦጦ አየር ሆነ።

ይህ ተራራ ውጊያም አይቷል። በ1950ዎቹ የመሐል ሀገሩ ኢማም ጋሊብ ቢን አሊ ከሙስካቱ ሱልጣን ጋር ተጣሉ፤ ከጠቡ ጀርባ የነዳጅ ፍለጋም ነበረበት። በ1957 የእንግሊዝ አየር ኃይል ለሱልጣኑ ወግኖ የመሐል ሀገሩን ምሽጎች ደበደበ፤ የኒዝዋው የያእሩቢ ማማ ከመድፍ ዘመን አልፎ የአውሮፕላን ዘመን የመጣበት ያኔ ነው። የኢማሙ ሰዎች ወደ ጀበል አኽዳር አፈገፈጉ። ተራራው የተያዘው በጥር 1959 የእንግሊዝ ልዩ ኃይል በሌሊት በገደሉ ወጥቶ ነው። ከኒዝዋ ወደ ባህላ በሚወስደው መንገድ ዳር በዚያ ጦርነት የፈረሰችው የታኑፍ መንደር ግድግዳዎች ዛሬም እንደቆሙ ናቸው። ብዙ አስጎብኚዎች ይህን ታሪክ ይዘሉታል። የእኛው አልዘለለውም፤ በአጭሩ፣ ማንንም ሳይሰድብ ነገረን።

ከአምባው ጠርዝ ወደ ታች ሲያዩ ገደሉ ላይ እርከን በእርከን የተሠሩ እርሻዎች ይታያሉ፤ አል-ዐይንና አሽ-ሸረይጃ የተባሉት መንደሮች ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠዋል። በድንጋይ የተካበው እርከን አንዳንዱ ከአንድ ምንጣፍ አይሰፋም። ሮማን፣ ኮክ፣ አፕሪኮትና ለውዝ ይበቅልበታል፤ በዚህ ወቅት ግን ባለ ተራው ጽጌረዳው ነው። አበባው የሚለቀመው ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ነው፤ ሙቀት ሲነካው መዓዛው ይተናል። የገባንበት ቤት ውስጥ በጭቃ በተሠራ ረጅም ምድጃ ላይ ማሰሮዎች ተደርድረዋል። አበባው ማሰሮው ውስጥ ገብቶ በታች እሳት ይነድበታል፤ ከላይ ቀዝቃዛ ውኃ የያዘ ሳህን ይደፋበታል፤ እንፋሎቱ ሳህኑን ነክቶ ጠል ይሆንና ውስጥ ወዳለች ትንሽ ዕቃ ይንጠባጠባል። የአረቄ አወጣጥ ያየ ኢትዮጵያዊ ማብራሪያ አያሻውም፤ ያው ብልሃት ነው። በዚህ መንገድ የወጣው የጽጌረዳ ውኃ ጭስ ጭስ ይላል፤ ቀለሙም ቡናማ ነው። የሐልዋ ሠሪዎቹ የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው። ጠዋት ገበያ ላይ የቀመስነው ጣዕም ከዚህ ምድጃ የወጣ ነበር።

ይህን ተራራ አንድ ተጨማሪ ነገር ይለየዋል። ከሜዳው የበለጠ ዝናብ ያገኛል፤ ዝናቡም በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ሰርጎ ታች ይጠራቀማል። ጠዋት ምሽጉ አናት ላይ ሆነን ያየነው አረንጓዴ፣ ከሰዓት እግራችንን የነከርንበት ቦይ፣ ሁሉም መነሻው ይህ ድንጋይ ነው። አስጎብኚው ከአምባው ጫፍ ቆሞ ጣቱን ወደ ታች ዘረጋና ኒዝዋን አሳየን፤ ከዚህ በላይ አልተናገረም፣ መናገርም አላስፈለገውም።

ብዙ የጉዞ ወኪሎች በዚሁ ቀን ባህላንና ጀብሪንንም ይጨምራሉ። ሁለቱም መታየት የሚገባቸው ናቸው። የባህላ ምሽግ የኒዝዋው ከመገንባቱ ከረጅም ዘመን በፊት በነብሃን ነገሥታት ዘመን የተሠራ የጭቃ ሕንፃ ነው፤ በ1987 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ በማግሥቱ ዓመት አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፣ ከዚያ ዝርዝር የወጣውም ከረጅም ጥገና በኋላ በ2004 ነው። ጀብሪን ደግሞ የሱልጣን ቢን ሰይፍ ልጅ ቢልአረብ ያሠሩት፣ ጣሪያው በአበባ ሐረግ የተሳለ ቤተ መንግሥት ነው፤ መቃብራቸውም እዚያው ነው። ነገር ግን በአንድ ቀን ሦስት ምሽግ፣ ገበያና ተራራ አይታይም፤ ይታለፋል። አስጎብኚያችን ጠዋት ላይ "ወይ ተራራው፣ ወይ ሁለቱ ምሽጎች፤ ምረጡ" ብሎ ጠየቀን። እንዲህ የሚጠይቅ አስጎብኚ ሥራውን ያውቃል። "ሁሉንም አሳያችኋለሁ" የሚል ሲገጥማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ይህን የምጽፈው ለእኛም ሀገር አስጎብኚዎች ጭምር ነው። ጎንደር ላይ ግንብ አለ፣ የቅዳሜ ገበያ አለ፣ ወደ ሰሜን ተራራ የሚያስወጣ መንገድ አለ። እንግዳው በግንቦቹ መካከል ሲዘዋወር የነገሥታት ስም በተርታ ይነገረዋል። የፋሲል መዋኛ ውኃ ከቀሃ ወንዝ በቦይ እንደሚመጣ፣ ቦዩን ማን እንደሚጠርግ፣ ከተማዋ ለምን በሁለት ወንዞች መካከል እንደተቆረቆረች ቢነገረው ግን ግንቡን በሌላ ዓይን ያየዋል። ዕውቀቱ አስጎብኚዎቻችን ዘንድ አለ፤ የሚጎድለው ከስሙ በፊት ምክንያቱን የማስቀደም ልማድ ነው።

ሙስካት የምትኖሩ እህቶቼና ወንድሞቼ ደግሞ፣ ከዓርቦቻችሁ አንዱን ለኒዝዋ ስጡ። ለአራት ወይም ለአምስት ሆናችሁ መኪናውን ብትከራዩ ወጪው ይቀልላችኋል። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ያዙ፤ ተራራ የምትወጡ ከሆነ መኪናው በአራት ጎማ የሚነዳ መሆኑን ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ። ዓርብ ብዙው ነገር ከጁምዓ ሰላት በፊት ስለሚዘጋ ከገበያው ቀጥሎ ምሽጉን አስቀድሙ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ ለተራራው ሹራብ ያዙ። አስጎብኚያችሁ ፈለጅ በዕቅዱ ውስጥ ባይኖረው እንኳ እንዲያቆምላችሁ ጠይቁት፤ ከመንገዱ ብዙም አያስወጣም። ጽጌረዳው የሚለቀመው ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ነው፤ ከቻላችሁ በዚያ ወቅት ሂዱ።